የፍሪጁ መጠለያ

«ፍሪጁ ሳሎን ይገባል። ልብስ ማጠቢያውም ሳሎን ይገባል። የልጅቷ ፍራሽ ከቡፌው ጀርባ ይቆማል። አክስትህ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።»

ዩላሊ ይህን የሰማችው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ አንድ እግሯን ነጠላ ጫማ ውስጥ ከትታ የሌላውን እግር ጫማ ስትዳብስ ነው። በእሷ ክፍልና በወጥ ቤቱ መሀል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ጨው ሲነሰነስ እንኳ ይሰማል። ተናጋሪዋ ሻርሜን ነበረች፣ የእህቷ ልጅ የግሌንሮይ ሚስት። የሻርሜን ጩኸት ከሚሰማው ይልቅ ሹክሹክታዋ የሚሰማው ይብሳል። ዩላሊን መጀመሪያ ሳቅ ነው የመጣባት። በሰባ ዓመቷ ትምህርት ቤት። ከሦስተኛ ክፍል ጎትተው አውጥተው ስፌት መኪና ላይ ያስቀመጧት ሰዎች ሁሉም ሞተዋል፤ ትምህርቷን የሚያስቀጥላት ዛሬ ተገኘ። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና የግሌንሮይን መልስ ጠበቀች። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ ምን እንደሚል መስማት ፈለገች። ከግድግዳው ማዶ ማንኪያ ስኒ ውስጥ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ።

«እሺ» አለ ግሌንሮይ።

ሰው ውሃ አምጣ ሲባል እንኳ ትንሽ ያንገራግራል።

የዚህ ቤት ነገር እንዲህ ነው። ከፊት ያለው ሳሎን ብቻ ጣሪያው ሶሌታ ነው፣ በፌሮ የተሞላ ሲሚንቶ። ከሱ በስተኋላ ያለው ሁሉ፣ ሁለቱ መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤቱ፣ መጨረሻ ላይ የዩላሊ ክፍል፣ የለበሰው ቆርቆሮ ነው። ሶሌታውን ያስሞላችው ዩላሊ ናት። ጊልበርት የተባለው አውሎ ነፋስ ኪንግስተንን ሲያምሳት የእናቷን ቤት ቆርቆሮ እንደ ሰሌን ጠቅልሎ መቃብር ስፍራው ውስጥ ጣለው። እሷ ያን ሰዓት ስድስት ዓመት የሞላውን ግሌንሮይን በስፌት መኪናዋ የብረት እግሮች መሀል ሸጉጣ በላዩ ተደፍታ ነበር። ነፋሱ ሲያልፍ ቀና ብትል ከራሷ በላይ ያለው ሰማይ ነው። ያን ለት ነፋስ የማያነሳው ጣሪያ እንደምትሠራ ማለች። ስንት የተማሪ ዩኒፎርም እንደ ሰፋች እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ፤ ገንዘቡ የበቃው ግን ለአንድ ክፍል ጣሪያ ብቻ ነው። ሲሚንቶው የተሞላ ቀን የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ወጣ። ሶሌታ አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥምና ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ሲበር ዋለ። እሷ በርሜል በሚያክል ድስት የፍየል ጭንቅላት ሾርባ ስትቀቅል ዋለች። ሽማግሌው ግንበኛ በአራቱም ማዕዘን ነጭ ረም፣ የሸንኮራ አረቄ፣ አንጠባጠበና «ከዚህ ሥር የተኛ ሰው ነፋስ በስሙ አይጠራውም» ብሎ መረቃት። ለፎቁ ብለው ወደ ላይ የተዉት ፌሮ ዛሬም ዝጎ እንደ ጃርት ቆሟል። ፎቁ ይመጣል እየተባለ ነው።

ከዚያ ግን ክፍሉ በጣም አማረ፤ ጥፋቱም እሱ ነው። በዚህ ከተማ ሳሎን ያለው ሰው ሳሎኑ ውስጥ አይቀመጥም። ሶፋው ከሱቅ ሲመጣ የለበሰውን ላስቲክ እንደ ለበሰ ያረጃል። ዳንቴሉ በስታርች ደርቆ እንደ ዘውድ ይቆማል፤ ቡፌው ውስጥ የተደረደረው ብርጭቆ ውሃ ቀምሶ አያውቅም። የሚገባበት ሰው ቢኖር በገና ፓስተሩ ነው፤ ያለዚያም ለቅሶ የመጣ ሰው። ሐቁን ከተናገርን ዳንቴሉን የሠራችው፣ ትንሹን ግሌንሮይን «እግርህን እየው» እያለች ከደፍ የመለሰችው ዩላሊ ራሷ ነበረች። ሻርሜን በሙሽርነት ስትመጣ በሩን ተከርችሞ ነው ያገኘችው፤ የጨመረችው ነገር ቢኖር ቁልፉን ከራሷ ቁልፎች ጋር ማሰሯ ነው። ዩላሊም ማንም ከመኝታ ቤቷ አላስወጣትም። ለሙሽሮቹ ለቀቀች። ልጅ ሲወለድ ደግሞ ሁለተኛውን ለቀቀች። እየለቀቀች እየለቀቀች መጨረሻ የተገኘችው ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ነው። ልጅቱ አሁን ሌላ ከተማ ኮሌጅ ገብታለች፤ ክፍሏ ግን ይጠብቃታል፣ ፍራሿም እንደ ሰማነው ሳሎን ቦታ አለው።

ዩላሊ ፊቷን ታጥባ ወጥ ቤት ስትገባ ሁለቱም ዝም አሉ። የበቆሎ ገንፎዋ ሳህን ተከድኖ ቀርቧል። ሻርሜን ቅዳሜም ቢሆን የሥራ ቀን ልብስ ነበር የለበሰችው። የምትሠራበት የመድን ድርጅት ለአውሎ ነፋስ ስለ መዘጋጀት ሁለት ቀን አሠልጥኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀርቶ ጦር ሰፈር ሆኗል።

«እንደምን አደሩ አክስቴ። ዛሬ ከሰዓት ልምምድ አለን።»

«የመዝሙር ነው?»

«የአውሎ ነፋስ። ወራቱ ሊገባ ሳምንት ነው የቀረው። ሁሉም ሰው ቦታውን ማወቅ አለበት።»

«የእኔ ቦታ የት ነው?»

ሻርሜን ባሏን አየችው። ግሌንሮይ ገንፎውን አየው፤ ከገንፎው ውስጥ የሆነ ሰው የጠራው ይመስል ጎንበስ ብሎ ቆየ። «እሱን ከሰዓት እናየዋለን» አለችና ሻርሜን የወጥ ቤቱን መስኮት መስተዋት በፕላስተር በመስቀለኛ መለጠፍ ጀመረች። ዩላሊ እየበላች አየቻት። የቆሰለ መስኮት አይታ አታውቅም። ነፋሱ ሲመጣ መስተዋቱ ይሰበራል፣ ፕላስተሩ ደግሞ ስብርባሪውን ሰብስቦ በአንድ ላይ ይወረውረዋል፤ ይህን የሰፈሩ ውሻ ያውቃል። ግን አልተጠየቀችም፣ ገንፎዋን ጨረሰች።

ከቁርስ በኋላ ግሌንሮይ ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሲሄድ «አክስቴ፣ አብረሽኝ ነይ» አላት። መኪናው ውስጥ ስትገባ ትንሽ ተስፋ አደረባት። ልጁ በሚስቱ ፊት ያልወጣው ቃል ብቻችንን ስንሆን ይወጣው ይሆናል ብላ አሰበች። መንገዱን ሁሉ መስኮቱን ዘግታ ጠበቀች። እሱ ስለ ቤንዚን ዋጋ አወራ፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ አወራ፣ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባው ጉልበት ሕመም አወራ። ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ለምን እንዳመጣት ገባት። ሰልፉ እስከ አውራ ጎዳናው ተዘርግቷል፤ በስተግራ በኩል ግን ለአረጋውያን የተለየ አጭር ሰልፍ አለ። ግሌንሮይ ክርኗን ይዞ ወደዚያ ወሰዳት። ከፊታቸው የቆሙት ሽማግሌ ግሌንሮይን ከላይ እስከ ታች አዩና «አንተን እርጅና አልነካህም፣ ዕድሜህ ስንት ነው?» አሉት። ሰው ሳቀ። ግሌንሮይም ሳቀ። ባለፈው ዓመት አራት ሺህ የአገሩ ዶላር ያልሞላው ኮምፔርሳቶ ዘንድሮ ከስድስት ሺህ አልፏል። ባትሪው፣ ሸራው፣ ላምባው፣ የጣሳ ሥጋው ሁሉ አውሎ ነፋሱን ቀድሞ ሰማይ ወጥቷል። ሻጩ ከማንም ጋር አይከራከርም፤ ሲመጣ የሚከራከርላችሁ ነፋሱ ነው የሚል ፊት አለው። ግሌንሮይ ኮምፔርሳቶና አንድ ሣጥን ምስማር ገዛ። ተመልሰው መኪናው ውስጥ ሲገቡ ዩላሊ «ልጄ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?» አለችው። ከዚህ በላይ በር አይከፈትም። «ቀበቶሽን እሰሪ» አላት።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እንግዲህ ግሌንሮይ ባለጠጋ ነው።

ቤት ሲደርሱ ጣሪያ ላይ ወጣና የላላውን ቆርቆሮ በምስማር ይመታ ጀመር። ዩላሊ መሰላሉን ያዘችለት። ከመኝታ ቤታቸው በላይ መታ፣ ከልጅቷ ክፍል በላይ መታ፣ ከወጥ ቤቱ በላይ መታ። ከዩላሊ ክፍል በላይ ሲደርስ ምስማሩ አለቀ። ምስማር ምን ጊዜም የት ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። ጎረቤታቸው ፊትዝሮይ፣ ባለ ታክሲው፣ በአጥሩ በኩል ገጀራውን ይዞ መጥቶ መኪናቸው ላይ ያዘነበለውን የማንጎ ቅርንጫፍ ቆረጠላቸው። ያልበሰለውን ማንጎ በከረጢት እየለቀመ፣ «ሚስ ዩላሊ፣ ምነው ዛሬ አፍሽ ታሰረ? ካንቺ ስድብ ሳልሰማ ውዬ አላውቅም» አላት።

«እየቆጠብኩ ነው» አለችው። «ከሰዓት ያስፈልገኛል።»

ቀኑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቦርሳዋን አንስታ ብቻዋን ወጣች። የምትጣልበትን ቦታ ሳታይ መጣል አልፈለገችም። ትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው፤ አጥሩ ላይ መጠለያ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ተሰቅሏል። በሩ ጥላ ሥር አንዲት ዘበኛ ተቀምጣ ቂጣ በሥጋ ትበላለች።

«መጠለያው ይኼ ነው?»

«ነው እናቴ። ነፋስ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም። አልጋዬን ለማየት ነው።»

ሴትየዋ ማኘኳን አቆመች። «አልጋ የለም። አግዳሚ ወንበር ነው ያለው፣ እሱም የሕፃናት ነው። እርስዎ እንኳ አጭር ነዎት፣ ይበቃዎት ይሆናል።»

«አዳራሹን ክፈችልኝ እስኪ።»

«ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ጋ ነው።»

«እሱስ የት አለ?»

«ቅዳሜና እሁድ አገሩ ይሄዳል፣ ከተራራው ወዲያ። ነፋሱ በሥራ ቀን ከመጣ ችግር የለም።»

«በእሁድ ከመጣስ?»

«ይደወልለታላ።»

«ስልክ ከተቋረጠስ?»

«ያኔማ» አለች ዘበኛዋ ጣቷን እየላሰች፣ «ያኔማ ሁላችንም እኩል ነን።»

ዩላሊ በአጥሩ ፍርግርግ አሻግራ አዳራሹን አየች። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሁለት ቆርቆሮዎች ጫፋቸው ተነቅሎ፣ ባልመጣው ነፋስ እንኳ ሳይሆን በቀትሩ ሽውታ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ምስማር የሚያልቀው እኛ ቤት ብቻ አይደለም ለካ፣ አለች በሆዷ። ከቆርቆሮ ሥር አውጥተው ቆርቆሮ ሥር ሊያስገቧት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ በር ላይ ቁልፍ መጠበቅ አለባት። ሶሌታው ደግሞ፣ ያ የዩኒፎርም ሶሌታ፣ ለአይስክሬም ማቀዝቀዣ ጥላ ይይዛል። የቤት ቀጋ የውጪ አልጋ የሚባል ሰው አለ፤ እሷን ግን የውጪውም አልጋ አልደረሳት።

ስትመለስ የፊት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በዓመት አንዴ የሚከፈት በር ሲከፈት ቤቱ የማታውቀው ሰው ፊት ይመስላል። ልብስ ማጠቢያው ከቡፌው አጠገብ ገብቶ ቆሟል፤ ፍራሹም ከቡፌው ጀርባ ቆሟል። ግሌንሮይና ፊትዝሮይ ፍሪጁን በገመድ አስረው በረንዳው ላይ አድርሰውት ላባቸውን ይጠርጋሉ። ሻርሜን ስልኳን ይዛ ሰዓት ትቆጥራለች። ከሶፋው ፊት ያለውን ባዶ ቦታ በፕላስተር አራት ማዕዘን ሠርታ ለይታለች፣ ፍሪጁ የሚቆምበትን። ሰማዩ ከተራራው በኩል ጠቁሯል።

«አክስቴ፣ በደህና ሰዓት መጡ» አለች ሻርሜን። «ቦርሳዎን አዘጋጅተው የግቢው በር ጋ ይቁሙ። የእርስዎ ቦታ እዚያ ነው።»

«በሩ ጋ ምን እጠብቃለሁ?»

ሻርሜን ባሏን አየችው። ግሌንሮይ ፍሪጁን አየው። ፊትዝሮይ ጫማውን አየው። ዩላሊ የእህቷን ልጅ አንገት፣ ወደ ግራ ዘመም ሲል የሚታየውን ጠባሳ፣ ጊልበርት የተወለትን፣ እያየች ትንሽ ቆመች። ጠዋት አንድ፣ መኪናው ውስጥ ሁለት፣ አሁን ሦስት። ሰው እንኳን ለልጁ ለዶሮም ከዚህ በላይ ዕድል አይሰጥም። ወደ ክፍሏ ሄደች። ቦርሳዋ ውስጥ የሌሊት ልብሷን፣ የደም ግፊት ኪኒኗን፣ መጽሐፍ ቅዱሷን፣ ትንሿን ሬዲዮና የስፌት መቀሷን ከተተች። ከዚያ በወጥ ቤቱ አልፋ፣ በመተላለፊያው አልፋ፣ ከነጫማዋ ሳሎን ገባችና ሶፋው ላይ ተጋደመች። ላስቲኩ ከሥሯ ተንጫጫ። ቦርሳዋን ሻርሜን በፕላስተር በለየችው አራት ማዕዘን መሀል አስቀመጠችው።



«አክስቴ» አለ ግሌንሮይ ከበረንዳው፣ «ተነሺ እስኪ። ፍሪጁ ይግባ።»

«ፍሪጁ ትምህርት ቤት ይሂድ። አሁን አይቼ መጣሁ፣ አግዳሚ ወንበር አለ።»

ፊትዝሮይ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ አልተሳካለትም። ሻርሜን ስልኳን ዝቅ አደረገች። «አክስቴ፣ ልምምድ እኮ ነው። ማንም አልሄደም፣ ነፋስም የለም።»

«እኔም እየተለማመድኩ ነው» አለች ዩላሊ። «የእኔን ልምምድ ለምን ታቋርጫለሽ?»

«ለእርስዎ ደህንነት ብለን ነው። እዚያ ሰው ይኖራል፣ ነርስ ይኖራል…»

«ቁልፉ ከተራራው ወዲያ ነው ያለው። ነርሷ በቁልፉ ቀዳዳ ትግባ?» ዩላሊ ተነስታ ተቀመጠች። ላስቲኩ ከክንዷ ጋር ተጣብቆ ተላቀቀ፣ ቆዳዋን ይዞ የሚሄድ መሰላት። ከቦርሳዋ መቀሷን አወጣች። ግንባሯን ቋጠር አድርጋ፣ ጨርቅ እንደምትቆርጥ፣ ከመቀመጫው ጫፍ ጀምራ ላስቲኩን በረጅሙ ቀደደችው። ሻርሜን የሆነ ድምፅ አሰማች፤ ቃል አልነበረም። ከላስቲኩ ሥር የወጣው ጨርቅ ፀሐይ አይቶ ስለማያውቅ ቀለሙ እንደ ደም ቀልቷል። ዩላሊ መዳፏን አሳረፈችበት። ልስልስ ያለ ነው። ይኼን ሁሉ ጊዜ።

ሻርሜን ወደ ባሏ ዞረች። «ግሌንሮይ፣ አንድ ነገር በል።»

«እኔም እሱን ነው ከጠዋት ጀምሮ የምጠብቀው» አለች ዩላሊ። ድምፅዋ አልጮኸም። «ና ግባ። ፍሪጁን ተወውና ግባ። ጊልበርት የመጣ ለት ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነበር፣ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ተከምሮ። ጣሪያው ሲሄድ እሱም ሄደ። እጅጌው ተዘርግቶ፣ ሕፃናት የሚበሩ ይመስል በሰማይ ሲሄድ አየሁት። ልይዘው ብል እይዘው ነበር። ግን አንተን ይዤ ነበር፤ ያለኝ ሁለት እጅ ነው። ያን ለት እሺ ብዬ አንተን ውጪ ትቼ ዕቃዬን ብሰበስብ ኖሮ ዛሬ ፍሪጅ የሚሸከም ሰው አይኖርም ነበር። በል አሁን ጠዋት ያልከውን ፊት ለፊቴ በለው። አንዲት ቃል ናት፣ አትከብድም።»

ግሌንሮይ በረንዳው ላይ ቆሞ ቀረ። እጁ የፍሪጁን ገመድ እንደ ያዘ ነው። ፊትዝሮይ በጸጥታ «ይቺን ለማየት ቲኬት ቢያስቆርጡኝም እከፍል ነበር» ብሎ አጉተመተመ፣ የሳቀለት ግን የለም። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ በረንዳው ጫፍ ላይ ወደቀ፣ እንደ ማንጎ የከበደ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ የግንቦት ዝናብ እንደ ልማዱ ሳይጠይቅ ወረደ። ፍሪጁ ግማሽ ጎኑ በረንዳው ላይ፣ ግማሽ ጎኑ ለዝናቡ ነበር።

«ግሌንሮይ፣ እየረጠበ ነው» አለች ሻርሜን። «አስገባው። አሁን።»

ግሌንሮይ የአክስቱን ቦርሳ በአራት ማዕዘኑ መሀል አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ሰውየው ምን እንዳሰበ ዩላሊ ልትነግራችሁ አትችልም፤ ማሰብ የጀመረውም ያን ጊዜ ይሆናል። ጎንበስ ብሎ ፊትዝሮይን «ያዝ» አለው። ፍሪጁን አነሱ። ሻርሜን ከደፉ ዞር ብላ መንገድ ለቀቀች። እነሱ ግን ዞረው፣ በጎን በኩል በዝናቡ ውስጥ እየተንደረደሩ፣ ወደ ወጥ ቤቱ መለሱት፣ ከቆርቆሮው ሥር። ሻርሜን ከኋላቸው «በጎኑ አታጋድሙት» እያለች ሮጠች። ፊትዝሮይ ማንጎውን ይዞ በአጥሩ በኩል ወደ ቤቱ ሄደ።

ግሌንሮይ ሲመለስ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል። ደፉ ላይ ጫማውን አወለቀ። እንደ ልጅነቱ፣ ግባ እስኪሉት ይመስል፣ በባዶ እግሩ ቆሞ ጠበቀ። ዩላሊ ግባም ውጣም አላለችው። እሷን የያዛት ሌላ ነገር ነበር። ከኋላ፣ ከሩቅ፣ የክፍሏ ቆርቆሮ ሲደበደብ ይሰማታል፤ ሌላ ጊዜ ሬዲዮዋን የሚያፍናት፣ እንቅልፏን የሚሰብረው ያ ጩኸት። ከራሷ በላይ ግን ምንም የለም። ዝናቡ ሶሌታው ላይ ይወርዳል፣ ሶሌታው ግን ወሬ አያወጣም። ይህን ጣሪያ ካስሞላች ወዲህ ዝናብ ሲዘንብ ከሥሩ ተቀምጣ አታውቅም ነበር። ስንት ለቅሶና ስንት ፓስተር ከዚህ ጸጥታ ሥር አልፏል። እሷ ቆርቆሮ ሥር ሆና ዳንቴል ትሠራለት ነበር። ሞኝነት ደረጃ ካለው እሷም ከዚህ ቤት የበታች አይደለችም።

ግሌንሮይ ገባ። ሶፋው ላይ ላስቲኩ ያልተቀደደበትን ጫፍ መርጦ ተቀመጠ። ላስቲኩ ተንጫጫ። ከፀጉሩ የሚወርደው ውሃ ዳንቴሉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ዩላሊ አየች፤ አንዴ አፏን ልትከፍት ነበር፣ ከዚያ ተወችው።

«አክስቴ» አለ።

ጠበቀችው። ሌላ ቃል አልመጣም። ግን አልተነሳም፣ ዓይኑንም ከእሷ አላነሳም። ለግሌንሮይ ይህ ስብከት ነው።

ከወጥ ቤቱ የሻርሜን ድምፅ መጣ። «ግሌንሮይ፣ ቆርቆሮው እያፈሰሰ ነው። ፍሪጁ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ሸራውን ይዘህ ና።»

«እሺ» አለ ግሌንሮይ።

ከተቀመጠበት አልተነሳም።